በማን ነው የምንስቀው? የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ነው የሠራው። ሌላው የተለመደው ነው። የግጥም ውድድር ነበር፣ የመጽሐፍ ውይይት ነበር፣ ሁለቱም ደህና አለፉ። ዋናው ወሬ ስላቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ አንዱ አባላችን የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ያዘና የጥበቃውን ጋሼ አነጋገር እያስመሰለ ቀለደ። ጋሼ አፋቸውን ትንሽ ያዝ ያደርጋቸዋል። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። በኋላ ልጁን ጠርቼ ሳናግረው "ቲቸር፣ ስላቅ እኮ ነው" አለኝ። የዓመቱን ዕቅድ ያገኘነው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ማኒላ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሥራው በሰው መሳቅ የሚጠራበትን ቃል ሁሉ ከቤት፣ ከገበያ፣ ከስልክም ለቅሞ ማምጣት ነው። ቀልድ፣ ቧልት፣ ፌዝ፣ ልግጫ፣ ሹፈት፣ ተረብ፣ ነቆራ፣ ሽሙጥ፣ አሽሙር፣ ምፀት፣ ስላቅ መጡ። ዘመናዮቹ "ሙድ መያዝ" እና "ፎገራ" ጨመሩ። "ትሮል" ካልተጻፈ ሞተን እንገኛለን ያሉም ነበሩ፤ ተጻፈ። ጥፋተኛው ልጅ ደግሞ ጋሼ ዘንድ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ፦ አግቦ። "አፌን ይይዘኛል እንጂ ነገር አያጥረኝም" ብለውታል። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ግማሹ ክበብ ቃል ፍለጋ በሩ ላይ ይውል ጀመር።

ወረቀቱ ሲሞላ ጭቅጭቅ መጣ። የትኛው ከየትኛው ይለያል? ተረብ ላይ ቶሎ ተስማማን። ተረብ ተራ አለው፤ ትተርበኛለህ፣ እተርብሃለሁ። አለቃ ገብረ ሐና አህዮች እየነዱ ሲሄዱ ልጃገረዶች "እንደምን ዋሉ የአህዮች አባት" ቢሏቸው "ደህና ዋላችሁ ልጆቼ" አሉ የሚባለው ዓይነት ነው። (በነገራችን ላይ ተማሪዎቼ ባለቤት የሌለውን ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ይሰጣሉ። ጎጃሜ ናቸው ብለው የሚከራከሩም አሉ። የጎንደሯ የፎገራ ሰው ናቸው፤ አታስቸግሩኝ።) አግቦ ላንዱ እያወሩ ለሌላው ማሰማት ነው። ምፀት ተቃራኒውን ይናገራል፤ መብራት ሲጠፋ "እንዴት ያለ ብርሃን ነው!" እንደማለት።

ስላቅ ላይ ሦስት ረቡዕ ቆየን። በመጨረሻ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ መስመሩን አሰመረችው። ሰው መርጦ ባላመጣው ነገር፣ በአንደበቱ፣ በመልኩ፣ በድህነቱ መሳቅ ፌዝ ነው። ስላቅ የሚስቀው ሰው መርጦ በሚሠራው፣ በተለይ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚሠራው ነገር ነው። መዝገበ ቃላት እንዲህ አጥርቶ አይለይም ይሆናል። ለክበባችን ግን ይህ ሕግ ሆነ። እኔም በግሌ የተሻለ አላየሁም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ የቅኔ መምህር ጋበዝን። ጎጃም ተቀምጦ ስለ ስላቅ እያወሩ የቅኔ ቤትን መዝለል ነውር ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ የሚቆጠርበት አገር ነው። የኔታ ከጉባኤ ቃና ጀመሩ፤ ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ሰሙን ለሰሚ ሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው መስጠት እንዴት እንደሚቻል አሳዩን። "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" በሚባልበት አገር ደፋር ነገር መውጫው ይህ ነበር። አንዱ መውጫ ማለቴ ነው። ሌላው አዝማሪው ነው፣ ሌላው እረኛው። የጥንት ገዢዎች "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ የነበረው ዘፈን አምሯቸው አይደለም።

የኔታ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ በአማርኛ ኅብረ ቃል፣ ሰምም ወርቅም የሚይዝ አንድ ቃል፣ ሲፈልጉ ሰነበቱ። አብዛኛው አልሆነም። ይቺ ግን ሆነች፦

ወንበሩ ተሞላ፣ አጀንዳው ተነሣ፣
ሁልጊዜ ስብሰባ፣ ሥራችን ግን ከሳ።

"ስብሰባ"ን ለሁለት ሰንጥቃችሁ አንብቧት። ማን እንደሰባ ገጣሚው አልተናገረም። እኛም አልጠየቅነውም።

ቲያትሩን ስንጀምር አንዱ "በእንስሳት እናድርገው" አለ። ሐሳቡ የድሮ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ" በአውሬዎች ተረት አስመስሎ የጊዜውን አስተዳደር የነካ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ታየ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አውሬም ሆኖ አላመለጠም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው በሰው እናድርገው" አሉ። እኔ ትንሽ ፈራሁ፤ እነሱ አልፈሩም።

በወላጆች ቀን የቀረበው የዜና እወጃ ነበር። ሁለት አንባቢዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከወንድም የተዋሱት ከረባት። የሳቁን ያህል የቋንቋው ነገር ይገርመኛል። አንድም የስድብ ቃል የለበትም፤ የስብሰባ አማርኛ ብቻ ነው። "የቧንቧው ውሃ ጉዳይ ትኩረት ተሰጥቶት በመንጠባጠብ ላይ ይገኛል።" "የአስተያየት መስጫ ሣጥኑ ቁልፍ የት እንደገባ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኅብረተሰቡ ጥቆማውን በዚሁ ሣጥን በኩል እንዲያስገባ አቅጣጫ ተቀምጧል።" እዚህ ላይ ወላጆች መቀመጥ አቃታቸው። ልጆቹ ራሳቸውንም አልማሩም፦ "በማርፈድ የሚታወቁት ተማሪዎቻችን ዘንድሮም ክብረ ወሰናቸውን አስጠብቀዋል።" አንድ መምህርም "ይህቺ ለፈተና ትመጣለች" እያለ መጥታ የማታውቅ ነገር ሲያስጠና ታየ። ማን እንደሆነ ለጊዜው አይታወቅም፤ ምርመራው ቀጥሏል።

ሁሉም አልሳቀም። አንድ የአስተዳደር ባልደረባዬ "ገበና አደባባይ ወጣ" ብለው ለሁለት ቀን ሰላምታ ነፈጉኝ። አልፈርድባቸውም፤ የሚያቃጥል ካልሆነ ስላቅ አይባልም። በሦስተኛው ቀን ግን መዶሻ የያዘ ሠራተኛ ልከው ሣጥኑን አስከፈቱት። ውስጡ አብዛኛው የማስቲካ ወረቀት ነበር። ከመካከሉ ሁለት አስተያየቶች ተገኙ። አንደኛው ስለ ቧንቧው ነው። ሁለተኛው "ይህ ሣጥን ይከፈት ይሆን?" ይላል።

የክበባት ቅጹ "ያጋጠሙ ችግሮች" የሚል ክፍት ቦታ ስላለው ልሙላው። የራሳችን ክፍል የለንም፤ ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ነው የምንሰበሰበው። ማኒላው ሁለት ጊዜ ተቀዷል። ጎበዞቹ 12ኛ ክፍል ስለሆኑ ለቀቁን። ካርቱን የሚሥል ልጅ በብርቱ እንፈልጋለን። ምዝገባው መስከረም ላይ፣ እንደ ወትሮው ረቡዕ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። አሽሙር ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ቅድሚያ ያገኛል።