የቱንድራ ቁስል ቶሎ አይሽርም

ለአዘጋጁ፦

በአላስካ ስለሚካሄደው ነዳጅ ፍለጋ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ጉድጓዱ ከተደፈነ ቱንድራው፣ ማለትም ዛፍ የማይበቅልበት፣ ሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነው የሰሜኑ ሜዳ፣ ያገግማል መባሉን አልቀበልም።

በሰሜን አላስካ፣ ፊሽ ክሪክ በተባለ ቦታ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የሙከራ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከ28 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲያዩት የተሽከርካሪዎቹ ዱካ አልጠፋም ነበር። ምክንያቱ ከአፈሩ ሥር ያለው በረዶ ነው። ላዩ ላይ የበቀለው ዕፅዋት የበጋውን ሙቀት ይከላከልለታል። ዕፅዋቱ ሲደፈጠጥ በረዶው ይቀልጣል፣ መሬቱ ይሰምጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። የሰመጠ መሬት ደግሞ ሣር ስለተዘራበት ብቻ አይነሳም።

ዛሬ ሥራው በብርዱ ወራት፣ በበረዶ መንገድ ስለሚካሄድ ጉዳቱ ቀንሷል። እውነት ነው። ግን በ1984 እና በ1985 እዚያው አላስካ ባለው የአርክቲክ የዱር እንስሳት መጠለያ የተደረገው የነዳጅ ፍለጋም በብርዱ ወራት ነበር። ዱካው አንዳንድ ቦታ ከ20 ዓመት በኋላም ይታይ ነበር።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አካል ኩባንያዎች የ30 ዓመት ክትትል ወጪን ከቁፋሮው በፊት በዝግ ሂሳብ እንዲያስቀምጡ ያስገድድ።

አንድ አንባቢ