ክንፉ ሳይሸፈን ኑልን፦ ለአቪዬሽን ደህንነት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የአቪዬሽን ደህንነት ኃላፊ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ሱሉልታ የምኖር አናጺ ነኝ። የምተዳደረው በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራሁ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ግን ከሥራ መልስ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባለ አንድ መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን እየሠራን ነው። የምጽፍልዎ የመብረር ፈቃድ ልጠይቅ አይደለም። ክንፉን የሚያውቅ ሰው መጥቶ እንዲያይልን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንድፉ የታሰበው ለቆላ አየር ነው። እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ እንኳ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚሸከመው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክንፍ በ60 ሴንቲ ሜትር አስረዘምነው።

ክንፍ ሲረዝም ደግሞ ሥሩ ላይ ጫናው ይበረታል። ረጅም ጣውላ ጫፉን ሲጫኑት የሚሰበረው ከተያዘበት ቦታ ነው። ስለዚህ በክንፉ ውስጥ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄደውን ወጋግራ፣ ባለሙያዎች ስፓር የሚሉትን፣ እንደገና ሠራነው። የላይኛውን ሞራሌ ከታችኛው አወፈርነው። ክንፉ በበረራ ላይ ወደ ላይ ሲጎብጥ የላይኛው ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። እንጨት ደግሞ ቶሎ እጅ የሚሰጠው ሲጨመቅ ነው።

ኮላ በበጠበጥን ቁጥር በዚያው ኮላ ሁለት ቁራጭ እንጨት ለሙከራ አጣብቀን እናስቀምጣለን። ትናንት ማታ አንዷን ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ መታኋት። እንጨቱ ተተረተረ፤ ኮላው ግን አልለቀቀም። ደስ አለኝ። የእኔ ደስታ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ስሌቴን ያረመልኝ የለም፤ የሚቀመጥበት ደግሞ የእናቴ ልጅ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። በትሕትና አናገሩኝ፤ መልሳቸው ግን «ሲያልቅ ና» ነበር። ክቡር ኃላፊ፣ ካለቀ በኋላ ምን ይታያል? ክንፉን የሚሸፍነው ኮምፔርሳቶ ከተለጠፈ ውስጡን ማየት የሚቻለው በመጋዝ ነው። እንግሊዝ አገር ሰው ቤቱ የሚሠራውን አውሮፕላን መርማሪ በየደረጃው እየመጣ ያየዋል።

በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሲሠሩ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር አጠገባቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ስትመለስ ወንድሜ በቴሌቪዥን እያየ አለቀሰ። እኛም አጠገባችን የሚቆም ሰው ነው የቸገረን።

የምለምንዎ ለሁለት ቀን አንድ መሐንዲስ እንዲልኩልን ነው። በአንዱ ቀን ወጋግራውንና መጋጠሚያውን ያይልናል። በሌላው ቀን ክንፎቹን ገልብጠን አሸዋ የሞላ ከረጢት እንደረድርባቸዋለን። አውሮፕላኑ ሰው ጭኖ 420 ኪሎ ነው፤ ለቀላል አውሮፕላን የተለመደው ልክ 3.8 እጥፍ ስለሆነ ወደ 1,600 ኪሎ ግድም ይመጣል፣ 32 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ማለት ነው። ሲራገፍ ክንፉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ፈትተን እንደገና እንሠራለን። ካስፈለገም እንተወዋለን። ቃሌ ነው።

ኮምፔርሳቶው ተቆርጦ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እስክትመጡ አንለጥፈውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሱሉልታ፣ አንድ አናጺ