የታሪክ ክበብ፦ ቃል በሳንቲም ሲቆጠር

መስከረም ላይ የዓመቱን ርዕስ ስንመርጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እኛ ቤት የጦርነት ጊዜ ቴሌግራም አለ።" ሥራችን እዚያው ተወሰነ።

በሳምንቱ ይዛው መጣች። አራት ላይ የታጠፈ፣ ዳር ዳሩ የሳሳ ወረቀት ነው። እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ጠፍቷል። አያቷ ለዓመታት መቀነታቸው ላይ ቋጥረውት ኖረዋል። የላኩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ከሐረር፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነፃ በወጣችበት ሰሞን። "ደህና ነኝ። እንዳትጨነቁብኝ። ልጁን አስተምሩት።" በቃ። እሳቸው አልተመለሱም። "ልጁ" የተማሪያችን አባት ነው።

ቴሌግራም በሽቦ የሚላክ መልእክት ነው፤ የሚከፈልበትም በቃላቱ ቁጥር ነበር። ልጆቹን "እንዳትጨነቁብኝ" ስንት ቃል ነው አልኳቸው። አንድ። ማን፣ ለማን፣ ስለማን፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ። አማርኛችን ለወታደር ኪስ እንዲህ ሲያዝን ሳይ ልቤ ተነካ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተውን ቃኘው ሻለቃን አጠናን። አንድም ሰው እንዳልተማረከበት ሲሰሙ አጨበጨቡ። ከ120 በላይ ዘማቾች መሞታቸውን ስነግራቸው ጭጭ አሉ።

ከሁሉ የማልረሳው አያትዬዋ ክበባችን የመጡበትን ቀን ነው። ቡና ተፈላ። "ቴሌግራም መጣ ሲባል ሆዴ ይገላበጥ ነበር" አሉን። ሞት በወረቀት አይነገርም። ስለዚህ "እናትህ በጠና ታማለች፣ ቶሎ ድረስ" ተብሎ ይላካል። ያነበበው ሰው ግን ይገባዋል፤ መንገድ ላይ እንባው ይቀድመዋል። መርዶውን ሽማግሌዎች በማለዳ ይነግሩታል።

ይህ ለልጆቹ ሩቅ ታሪክ አልሆነባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ላይ ስልክ ሲቋረጥ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። አንዱ ተነስቶ "አባቴ ይኑር አይኑር ሳናውቅ ነው የከረምነው" አለ። ቀጥሎ የሚናገር ጠፋ። እኔም ቃል አጣሁ።

ለወላጆች ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ከአምስት ቃል ያልበለጠ ቴሌግራም ለቤተሰቡ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ያ ልጅ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "አብሽሩ።" አያትዬዋ ማንበብ አይችሉምና የልጅ ልጃቸው እየዞረች አነበበችላቸው። እዚህች ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቷን በጣታቸው ዳሰሷት። "ይቺን ለመላክ ስንት ይጠይቁ ነበር?" አሉ።