ለግራዋ ምርምራችን የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣

ግራዋን የማያውቅ የለም። እናቶቻችን የጠላ ጋን ያጥቡበታል፤ ሆድ ሲታመም ጨምቀው ያጠጡናል። «ካንሰርም ይከላከላል» የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ሲዞር ቆይቷል። እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ካልሆነ ደግሞ ሰው በከንቱ ተስፋ ሐኪም ዘንድ መሄዱን እንዳያዘገይ ቁርጡን ማወቅ አለብን። በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰር ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነውና።

የግራዋ ንጥር በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያደጉ የጡት ካንሰር ሴሎችን እንደሚገታ በአሜሪካ ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ታይቷል። ሳህን ላይ ያለ ሴል ግን ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው፤ በሕያው አካል ውስጥ የሚሆነውን አያሳየንም። ደግሞም የተነሳን ካንሰር መግታትና እንዳይነሳ መከላከል የተለያዩ ናቸው።

ስለዚህ ሴት የቤተ ሙከራ አይጦችን በአራት ቡድን እንከፍላለን። አንዱ ቡድን ምንም አይነካውም። ሁለተኛው ዲኤምቢኤ የተባለውን ዕጢ አምጪ ኬሚካል ብቻ ይወስዳል። የቀሩት ሁለቱ ኬሚካሉን ከመውሰዳቸው በፊት ጀምሮ ግራዋውን ይጠጣሉ፤ አንዱ በትንሽ፣ ሌላው በብዙ መጠን። ለአምስት ወር በየሳምንቱ ጡታቸው ይዳሰሳል፤ ዕጢው ይቆጠራል። እንስሳቱ እንዲሠቃዩ አንፈልግም፤ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አንዲት አይጥ አትነካም።

ጉበታቸውም ይመረመራል፤ «ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል» አንልም። ፊንላንድ ውስጥ ካሮት ውስጥ የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃቸዋል ተብሎ የተሰጣቸው አጫሾች፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ ይልቁን በብዛት ታመው ተገኝተዋል።

አንድ የሚቆጨን ነገር አለ። ሜይታንሲን የተባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ የሆነው ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ዝርያ ነው። ተዋጽኦው ዛሬ ካድሳይላ በተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ውስጥ ይገኛል። ተክሉ ከእኛ ሄደ፤ ሙያው ግን ውጭ አገር ቀረ። የግራዋውን እዚሁ፣ በራሳችን ልጆች እጅ እንሥራው።

ባለሙያና ክፍል አለን። የጎደለን የአይጦቹ መግዣና የአምስት ወር ቀለብ፣ እንዲሁም የኬሚካሉ ዋጋ ነው። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ ውጭ ያላችሁ ወገኖች በዚህ አግዙን። የእንጨት ሥራ ያላችሁ ቀለምና ማጣበቂያ ያልነካው ሰጋቱራ ስጡን፤ ለአይጦቹ መኝታ ይሆናል። የግራዋ ቅጠል ግን አትላኩልን፤ ዝርያው በባለሙያ ከተረጋገጠ ከአንድ ቦታ ብቻ መቀጠፍ አለበት።

መዋጮው በየዕድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ ይሰበሰባል። ግራዋው ሠራም አልሠራም፣ ውጤቱን በዕድሮቻችን ስብሰባ ቆመን እንነግራችኋለን።