ቀልዱ ከቀብር በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በድሮው ደንብ የጀመርኩት ቁጣሽ እስኪበርድ ብዬ ነው። ጠፍቻለሁ። የላክሽልኝን ድምፅ ሰምቼ መልሱን ለነገ አልኩ፣ ነገ ነገን ወለደ፣ ከዚያ ወዲያ ማፈር መጣ። ይቅር በይኝ፤ ሌላ ምክንያት አልደረድርም። ደግሞ አንቺስ ብትሆኚ፣ ብትደውዪ ጣትሽ አይቆረጥ!

የጻፍኩልሽ ስለ ሞት ነው። አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም፤ ጭንቀቱም እሱ ነው፣ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ነው የምንዘጋጀው። ሬዲዮ ጣቢያችን ውስጥ «ታዋቂ ሰው ሲያርፍ ምን ይደረግ» የሚል የአሠራር መመሪያ ይጻፍ ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። የዜናው ክፍል በራሱ ይጨነቅ፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የመዝናኛው ሰዓት ነው። አለቃችን «አርባው እስኪወጣ ቀልድ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» ብሏል። የክፍላችን ወጣቶች፣ ልጆቹ፣ ደግሞ «ቲክቶክ ሬሳው ሳይገነዝ ስቆ ሲጨርስ እኛ ምን እንጠብቃለን?» ይላሉ። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዘሽ ሰዉን ነጠላ በአፉ የምታስነክሺ አንቺ ስለሆንሽ፣ ረቂቁን ካንቺ ሌላ ለማን ላሳየው?

ከቀላሉ ልጀምርልሽ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፋይል ይኖራል፤ የትውልድ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሥራዎቹ ከነዓመታቸው፣ ስሙን ራሱ ሲጠራ የተቀዳ ድምፅ፣ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ የቃለ መጠይቅ ቁራጭ፣ የሁለት የቅርብ ዘመዶች ስልክ፣ ፋይሉ መጨረሻ የታየበት ቀን። በየስድስት ወሩ ካልታደሰ የተፋታችው ሚስት በሬዲዮ «ባለቤቱ» ተብላ ታለቅሳለች።

ከዚህ የባሰው ያለፈውን ሟች ፋይል ገልብጦ ስም መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ እንዲሁ በፈረንጅ ቁጠሪልኝ) የሲኤንኤን ድረ ገጽ ገና ያልሞቱ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ረቂቆች ለማንም ክፍት ሆነው ተገኙ። የያኔው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የዲክ ቼኒ ረቂቅ የተሠራው በእንግሊዟ ንግሥት እናት ቅጽ ላይ ስለነበር ምክትል ፕሬዚዳንቱ «የእንግሊዝ ተወዳጅ አያት» ሆነው ቁጭ አሉ። ፊደል ካስትሮ ደግሞ ከተዋናይነት ተነሥተው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑትን የሮናልድ ሬገንን ቅጽ ወርሰው የፊልም ተዋናይ ተባሉ። በ2008 የዜና ድርጅቱ ብሉምበርግ የአፕል መሥራቹን የስቲቭ ጆብስን የሕይወት ታሪክ ሰውየው በሕይወት እያለ ለቀቀው፤ የዕድሜውና የሞቱ ምክንያት ቦታ ባዶ ነበር። በ2020 ደግሞ የፈረንሳዩ ሬዲዮ አርኤፍአይ ድረ ገጹን ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር መቶ ያህል ሰው በአንድ ቀን ገደለ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም ፔሌም አሉበት። በሦስቱም ቦታ ክፋት አልነበረም፤ ረቂቁና የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ቤት ማደራቸው ነው ጉዱ። ስለዚህ ረቂቆቹ ከድረ ገጹ ጋር በማይገናኝ ኮምፒውተር ይቀመጣሉ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጀመሪያ ላይም «አልሞተም» ተብሎ ይጻፋል ብያለሁ። አለቃችን ይቺን ሲያነብ ሳቀ። አርባው ሳይወጣ!

ማረጋገጡ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ታውቂዋለሽ። አንዱ ፌስቡክ ላይ ሻማ ይለጥፋል፣ ሌላው «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ ዩቲዩብ ላይ ጥቁር ሪባን አስሮ «ሰበር ዜና» ይሠራል። በቁጥር ሦስት ምንጭ ይመስላል፣ ሲጎተት ግን አንድ ወሬ ነው። እኛ የምንቆጥረው አንዱ ከሌላው ያልሰማ ሁለት ሰዎችን ነው፤ አንዱ ከቤተሰብ፣ ሌላው ከሆስፒታል ወይም ከሙያ ማኅበር። ሁለቱም «አዎ» ቢሉ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መርዶ ተነግሯል ወይ? በእኛ ደንብ መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ውጭ አገር ያለችው ልጁ ሥራ ላይ ሆና ከስልኳ ካነበበችው መርዶ ነጋሪው ጣቢያው ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ «ቆዩን» ካለ እስኪነጋ እንቆያለን። ልጆቹ እዚህ ላይ ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ።

ማይክል ጃክሰን የሞተ ለት የሆነውን አስታውሺ። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2009፣ በሎስ አንጀለስ ሰዓት ከቀኑ 8፡26 ላይ ነው መሞቱ የተረጋገጠው፤ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። የፈላጊው ብዛት ጉግልን የቫይረስ ጥቃት መስሎት ለ25 ደቂቃ ያህል ማይክልን በዜና ገጹ ከፈለጉት ሰዎች የተወሰኑትን በይቅርታ ገጽ መለሰ። በዚያው ግርግር ተዋናዩ ጄፍ ጎልድብለም ኒው ዚላንድ ውስጥ ከገደል ወድቆ ሞተ ተባለ፤ አንድ የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን አየር ላይ አዋለው። ምንጩ ማንም የፈለገውን ስም ሲሞላበት የሞት ዜና አዘጋጅቶ የሚያወጣ የቀልድ ድረ ገጽ ነበር። ጎልድብለም ከቀናት በኋላ በአንድ የአሜሪካ ኮሜዲ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ለራሱ የሐዘን ንግግር አደረገ። ሰው የሚሳሳተው ገና በእውነተኛው ሞት ደንግጦ ሳለ ነው፤ አንድ ትልቅ ሞት ባመንን ማግስት ሁለተኛውን ለማመን እንቸኩላለን። በመመሪያው ላይ «ከትልቅ ሞት በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ሌላ የሞት ዜና ሦስተኛ ሰው ሳያረጋግጠው አይነበብም» ያልኩት ለዚህ ነው።

አየር ላይ ሲሆን ደግሞ የሚያዋርደን ዜናው አይደለም፣ ከዜናው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ኮምፒውተሩ ሐዘን አያውቅም፤ የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ተራው ከሆነ ይለቀዋል። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፣ የፋሲካ ዕለት። እንዲህ ያለ ቀን ላይ የዘፈን ዝርዝሩ በሙሉ ጭፈራ ነው፣ ቴክኒሽያኑ ደግሞ በግ እያረደ ነው። እንግሊዞች ይህን አስበውበታል፤ የግል ሬዲዮ ጣቢያዎቻቸው ለንጉሣውያን ሞት ሁለት ዓይነት የዘፈን ዝርዝር አዘጋጅተው ያስቀምጣሉ፣ አንዱ ለሐዘን ሌላው ለከባድ ሐዘን። እኔም 40 ደቂቃ የሚሆን የመሣሪያ ሙዚቃ በክራርና በዋሽንት ለይቼ አስቀምጫለሁ። ግጥም ያለው ዘፈን አልጨመርኩም፤ ሰው ሲያዝን እያንዳንዱን ስንኝ ስለ ሟቹ የተባለ ያደርገዋል፣ «ጥለኸኝ ሄደህ» የሚል የፍቅር ዘፈን ስንት ጉድ ያመጣል። ማስታወቂያ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከፕሮግራሙ ይሰረዛል፣ በቀጠሮ የተያዙ የቴሌግራምና የፌስቡክ ጽሑፎች ይቆማሉ። ይህን ሁልጊዜ ይረሱታል፤ «መልካም ቅዳሜ፣ ዛሬ ማን ያስቃችሁ?» የሚለው ከሞት ዜናው በላይ ተለጥፎ ታይው የለ?

እሺ፣ ወደ ቀልዱ። እዚህ ላይ ነው የምፈልግሽ።

በማይክል ሞት ጊዜ የመጀመሪያው ዙር ቀልድ በሰዓታት ውስጥ በስልክ መልእክት ዓለምን ዞረ። አፍንጫው፣ የቆዳው ቀለም፣ የተከሰሰበት ጉዳይ። (በ2005 ከክሱ ሁሉ ነፃ ወጥቷል፤ ቀልደኛ ግን ፍርድ ቤት አይጠይቅም።) አንዱም አዲስ አልነበረም፤ በሕይወት እያለ ዓመታት ሲቀለዱ የኖሩት ላይ «ሞተ» የሚል ተቀጠለባቸው። የፈጠኑትም ለዚህ ነው። ለእኛ ረሃብ ተብሎ በ1985 የተዘፈነውን ዘፈን ከላየነል ሪቺ ጋር የደረሰ ሰው መሆኑን ያስታወሰ ቀልደኛ አልገጠመኝም፤ ይሁን፣ ቀልድ ውለታ አይቆጥርም።

ሁለተኛው ዙር ዘግየት ብሎ መጣ፣ የሚያስቀኝም እሱ ነው። ማይክል ለንደን ላይ ሊያቀርባቸው የነበሩ 50 ኮንሰርቶች ቀሩ፤ አዘጋጁ ድርጅት ትኬት የገዙትን «ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ ወይስ ትኬቱን ለማስታወሻ እንላክላችሁ?» አላቸው። ለሎስ አንጀለሱ መታሰቢያ 1.6 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ ለ8,750 ሰዎች ሁለት ሁለት ትኬት በዕጣ ደረሳቸው። ለቅሶ በዕጣ! እዚህ ላይ የሚስቅ ሰው ሟቹን አልነካም፤ የሳቀው በገበያው ነው።

ኤልየት ኦሪንግ የሚባል አሜሪካዊ የፎክሎር አጥኚ ቻሌንጀር የምትባለው መንኮራኩር በ1986 ከተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ሰባት ሰዎች ይዛ ስትበተን የተቀለዱትን አጥንቶ ነበር። ቀልዶቹ የማስታወቂያ ስሞችና መፈክሮች የሞሉባቸው ናቸው። ቴሌቪዥኑ ፍንዳታውን ያሳያል፣ «አልቅሱ» ይላል፣ ወዲያው ሸቀጥ ያስተዋውቃል፤ ተመልካቹም ሁለቱን አጋጭቶ ይመልስለታል። የማስታወቂያውን ሰዓት አስወጡ ስል ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ የቀልዱን ጥሬ ዕቃ የምናቀብለው እኛው ነን።

ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 ሲሞቱም እንዲሁ። እንግሊዞች በአሮጊቷ ብዙም አልቀለዱም። የሳቁት አንድ ሱፐርማርኬት የሒሳብ ማሽኑን ጢጥታ ስለቀነሰ፣ የብስክሌት ፌዴሬሽኑ በቀብሩ ሰዓት ብስክሌት ባትነዱ ይሻላል ብሎ መክሮ ይቅርታ ስለጠየቀ፣ አንድ የመዝናኛ መንደር ደግሞ ለቀብሩ ዕለት እንግዶቹን ከየጎጆአቸው ላስወጣ ብሎ ስለተመለሰ ነው። ልዕልት ዳያና የሞተች ጊዜ፣ በ1997፣ ፕራይቬት አይ የተባለው የሽሙጥ መጽሔት በሽፋኑ ላይ ሐዘንተኛ ሕዝብ አሰፈረ፤ አንዱ ጋዜጦቹን ያወግዛል፣ ሌላው «እኔማ የምገዛው አጥቼ» ይላል። ትልልቅ መደብሮች ከመደርደሪያ አወረዱት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ የሞት ቀልድ አላየሁም።

ታዲያ ይሄ ለእኛ አዲስ ነው? ሙሾ አውራጇ ሟቹን ታወድሳለች፣ ሲታመም ያልጠየቀውን ወንድም ግን በዚያው ግጥም ትሸነቁጠዋለች። ጥፊው ሁልጊዜ ለኗሪው ነው። ድንኳኑም የራሱ ሰዓት አለው፤ ከቀብር በፊት ማንም ጥርሱን አያሳይም፣ ማታ ማታ ንፍሮው ሲዞር ካርታ ይወጣል፣ በሠልስቱ የሟቹ ጓደኛ «ይሄ ሰውዬ እኮ ብድሬን ሳይመልስ...» ብሎ ይጀምራል፣ ባለቤቲቱ ራሷ ትስቃለች። የሚቀልደው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ማን እየሰማው እንደሆነ ሁሉም ያያል። ስልክ ላይ ይህ የለም፤ ቀልደኛውና የሟቹ ልጅ ሳይተያዩ ጎን ለጎን ናቸው።

እናም ያቀረብኩት ይህ ነው፤ እስከ ቀብር ምንም። ከቀብር እስከ ሠልስት የሟቹ የሙያ ጓደኞች ብቻ፣ የሟቹን የራሱን ጨዋታ፣ በቀጥታ ሳይሆን ተቀድቶ፣ ሁለተኛ ሰው ሰምቶት። ከሠልስት በኋላ በአስመሳዩ ላይ፤ በዩቲዩብ ሪባኑ፣ ሬሳ ሳጥን አጠገብ ፎቶ በሚነሣው፣ በሕይወት እያለ ስልኩን ባላነሣለት አድናቂ። የሞቱ ምክንያት፣ በሽታው፣ አካሉ፣ ልጆቹ፣ ርስቱ መቼም አይነኩም። ራሱን ያጠፋ ሰው ከሆነ ቀልድም የለም፣ እንዴት እንዳደረገውም በዝርዝር አይነገርም፤ ሌላውን ይገፋል። የአድማጭ የስልክ መስመር የሚከፈተውም የማዘግያ ማሽኑ፣ ድምፁን ጥቂት አዘግይቶ ክፉ ቃል ሳይወጣ ለመቁረጥ የሚረዳው፣ ሲሠራ ነው፤ ቴክኒሽያኑ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ካልተቀመጠ ማሽኑ ዋጋ የለውም።

ሁለት ነገር ግን አልቋጨሁም። አንደኛው፣ ብዙ ሰው የሚጠላው ሰው ሲሞትስ? የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር በ2013 ሲሞቱ ጠላቶቻቸው የጠንቋይ ሞት የሚያበስር የድሮ የፊልም ዘፈን እየገዙ በሽያጭ 2ኛ አደረሱት፤ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ በዜና መልክ አሰምቶ አለፈው። ማንንም አላስደሰተም፣ እኔ ግን የተሻለ መንገድ አልታየኝም። ሁለተኛው የሚከብደኝ ኮሜዲያን ሲሞት ነው። ዕድሜ ልኩን ያሳቀንን ሰው በክራር ብቻ መሸኘት ስድብ አይመስልሽም? የራሱን ቀልድ በቀብሩ ዕለት ብናሰማ ደግሞ የአለቃችንን ፊት ታውቂዋለሽ። እኔ ወደ ማሰማቱ አደላለሁ፣ ከቀብር መልስ፣ ቤተሰብ ከፈቀደ። አንቺ በይ።

ሰኞ ነው የማስረክበው፤ ቅዳሜና እሑድ ጊዜ ካለሽ አንብቢልኝ፣ የማይጥምሽን ሰርዢው። ደግሞ ከመሄዱ በፊት ልንገርሽ፤ ቅጹ መሥራቱን ለመሞከር አንድ ፋይል ባንቺ ስም ሞልቻለሁ። አርቲስት፣ ደራሲ፣ የለቅሶ ቤት አሳቂ ብያለሁ። «አልሞተም» የሚለውም አለበት፣ ቅጹ ሴት መሆንሽን አያውቅም። ዕድሜሽን ባዶ ትቼዋለሁ፣ መቼም እውነቱን አትነግሪኝም።

የአንቺው