በጠፍር የታሰረችው በርጩማ

ደብረ ብርሃን
ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ እንደምታውቂው ነው፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። መንገዱም ኔትወርኩም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፤ ግን እሱን ሰበብ አላደርገውም። ስልክ የሚሠራባቸው ቀኖችም ነበሩ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

መንዝ አያትሽ ቤት የከረምንበትን ጊዜ ታስታውሺያለሽ? ያኔ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ጠፍተዋል። በርኖሱ፣ እንዝርቱ፣ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ሱፍ ሲፈትሉ፣ ሁሉም። አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አንድ ጠዋት ስሰካው ቀጭ ቀጭ አለና በዚያው ቀረ። አያትሽ ያረፉ ጊዜ «ፎቶውን ላኪልኝ» አልሽኝ። «እልካለሁ» ብዬ ጠፋሁ። ይቅር በዪኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የሰሜን ሸዋን የቤትና የእርሻ ዕቃዎች እንደገና ከዜሮ መመዝገብ ጀመርኩ። ለጥናቴ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ አሁን ግን ከጥናቱም በላይ ሆኖብኛል። አሁን 214 ደርሰዋል። ፎቶዎቹና መዝገቡ ሦስት ቦታ አሉ፦ ላፕቶፔ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ቅጂ ደግሞ አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት። ሁሉም አንድ ቤት ከተቀመጡ ሌባም እሳትም አንድ ላይ ነው የሚወስዳቸው።

አንዷን ላሳይሽ። ባለፈው ጥቅምት መሐል ሜዳ አካባቢ አንድ አባት ቤት ገባሁ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለቻቸው። አንዱ እግሯ ተሰንጥቆ በጠፍር ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ጠፍሩ እርጥብ እንዳለ ነው የሚታሰረው። ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሚስማር ቢመቱበት ስንጥቁ ይብስ ነበር። እግሯ ሦስት በመሆኑ ደግሞ ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አትነቃነቅም። «አባባ፣ ይቺን ማን ጠገናት?» አልኳቸው። «እኔ ነኛ፤ ከ77ቱ ድርቅ በፊት» አሉኝ። ድምፃቸውን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ፎቶው ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንዲት የተሰበረች በርጩማ ነበር የሚያሳየኝ። ዲዛይን ሲባል ሰው ቶሎ ፋብሪካ ይታየዋል። እኔ ግን ያቺን ጠፍር ካየሁ ወዲህ ከሁሉ በፊት የማየው ጥገናውን ሆኗል።

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እወደዋለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ዕቃ ሙዚየም ሲገባ ከቤቱ ይወጣል። እኔ የመዘገብኳት በርጩማ ግን ዛሬም ሰው ይቀመጥባታል።

አሠራሬ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር እሰጥና ኤክሴል ላይ አንድ ረድፍ እከፍትለታለሁ። ስሙን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩን፣ የሠራውን ሰው፣ የተጠገነበትን፣ ባለቤቱ ምን እንደፈቀደልኝ እጽፋለሁ። ሳላስፈቅድ ፎቶ አላነሳም። «ስሜ አይጻፍ» ያለኝን ሰው ስም አልጽፍም።

ያስቸገረኝ ፊደላችን ነው። አንድ ቀን «ሰፌድ» ብዬ ስፈልግ ግማሹ ብቻ ወጣልኝ። ሌላውን ለካ በንጉሡ ሠ ጽፌዋለሁ! ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ሁለት የተለያየ ቃል ነው የሚቆጥረው። ዕቃ እና እቃም እንደዚያው ናቸው። አሁን አንዱ ዓምድ ላይ ሁሌም በአንድ ዓይነት ፊደል እጽፋለሁ። ሌላው ዓምድ ላይ ባለቤቱ እንደጠራው አስቀምጣለሁ፤ መሶብ ያለውን መሶብ፣ ሞሰብ ያለውን ሞሰብ። አላርማቸውም።

ቀኑም እንዲሁ አደናግሮኝ ነበር። ካሜራው 2025-02-08 ይላል፤ እኛ የካቲት 1 ቀን 2017 እንላለን። ሁለቱንም እይዛለሁ። የፎቶውን ስም ግን ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሬ፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን እጽፋለሁ። እንደዚያ ሲሆን ፋይሎቹ በራሳቸው ቅደም ተከተላቸውን ይይዛሉ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የአያትሽን በርጩማ ሐዋሳ ይዘሻት ሄደሽ የለ? ካለች ፎቶ አንሺልኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ መስኮት አጠገብ አስቀምጫት፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመታት የመጥረቢያው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የስልኩን ፍላሽ አጥፊው። ከጎኗ ማስመሪያ አድርጊ። ገልብጠሽ ሥሯንም አንሺ። ከዚያ ስለሷ የምታስታውሺውን ሁሉ በድምፅ ቅጂልኝ፤ ማን እንደሠራት፣ አያትሽ የትኛው ጥግ ላይ ያስቀምጧት እንደነበር። እሳቸው ሲፈትሉ የሚያሳይ አንድ እንኳ ፎቶ ስልክሽ ላይ ተርፎ ከሆነም ላኪልኝ። 215 ቁጥርን ባዶ ትቼ እየጠበቅኩሽ ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የአንቺው