ማሞግራፊው «ምንም የለም» ካለ በኋላስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጥቅምት በመጣ ቁጥር ስለ ጡት ካንሰር መጻፋችሁ ጥሩ ነው። ዘንድሮም ግን እንደ አምናው «ሴቶች ማሞግራፊ ተነሡ» ብላችሁ አለፋችሁ። የምሠራው ፖስታ ቤት አካባቢ ነው፤ ቢሯችን አብዛኛው ሴት ስለሆነ ጽሑፋችሁ ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ። ገና ሠላሳ ያልሞላት አንዷ ልጅ «ጡቴ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ይነካኛል፣ እኔም ልነሣ?» ስትል ሁላችንም ዝም።

ይሄን መጻፍ ነበረባችሁ። ማሞግራፊ አነስተኛ ጨረር ያለው ራጅ ነው። ጡት በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች መሀል ጫን ተደርጎ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ደግሞ ከጎን ሰያፍ ይነሣል። መጫኑ አንዳንዷን ያማታል፣ ግን ሴኮንዶች ነው፤ ካልተጫነ ሥጋው ይደራረብና ምስሉ አይጠራም፣ የሚያስፈልገው ጨረርም ይጨምራል። ምስሉ ላይ ስብ ጠቆር ይላል፣ የጡት እጢ፣ ማለትም ወተት የሚያመነጨው ጤነኛ ክፍል፣ ነጣ ይላል። ካንሰርም ነጭ ነው! ወጣት ጡት ደግሞ እጢ ይበዛዋል፣ ስለዚህ ነጩ ከነጩ ላይለይ ይችላል። እብጠት የተገኘባት ወጣት መጀመሪያ አልትራሳውንድ የሚታዘዝላት ለዚህ ነው። ምስሉን በስሱ እየከፈለ የሚያሳየው አዲሱ ቶሞሲንተሲስ ያግዛል፣ ችግሩን ግን ጨርሶ አያጠፋውም።

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት በየሁለት ዓመቱ ትነሣ ይላሉ። ይሄ ምንም ምልክት ለሌላት ነው። እኛ አገር ደግሞ ከ50 በታች ሆነው የሚታመሙት ብዙ ናቸው። እና እብጠት በእጇ እየዳሰሰች «ማሞግራፊሽ ምንም የለውም» የተባለች ሴት፣ ዕድሜዋ ምንም ይሁን፣ በዚያ ወረቀት ተማምና ቤቷ መቀመጥ የለባትም። አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና እስኪወሰድላት ሐኪሟን መወትወት አለባት። የጡት ካንሰር ዘመቻው ሮዝ ሪባን ላይ ይሄ ተጽፎ አላየሁም።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ፣ ግን ማንም አይነግረንም። ማሞግራፊ በሚነሡበት ቀን ብብት ላይ ዲኦድራንት አይቀባም፤ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም የካንሰር ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ በምስሉ ላይ ከሚፈለጉት ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣቦች ጋር ሊምታታ ይችላል። ካሁን በፊት የተነሣችም የድሮውን ፊልም ወይም ሲዲ ይዛ ትሂድ፣ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም (ራዲዮሎጂስቱ) የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

በሚቀጥለው ጥቅምት ቢያንስ ዕድሜውንና እብጠት ያላት ሴት ምን ማድረግ እንዳለባት ለይታችሁ አውጡልን። ልጅቷን አልትራሳውንድ ልከናታል።

አንባቢያችሁ፣ ከፖስታ ቤት አካባቢ፣ አዲስ አበባ